ደሞዝ ቢቆም ስንት ወር ትቆያላችሁ? ልጅ እያሳደጉ ከወር ጠባቂነት መውጣት

እኛ ቤት አርብ ማታ ቡና ይፈላል፣ አቦሉን ልጆቹ እየረበሹን እንጠጣለን፣ ከዛ ይተኛሉ፣ ቶናው ላይ ባለቤቴ ከቁምሳጥን ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ደብተር ታወጣለች። ደብተሩ ላይ በየሳምንቱ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ ባለፈው አርብ 4.3 ይላል። ነገ ሁለታችንም ስራ ብናጣ (ድርጅት ቢዘጋ፣ ብንታመም፣ አያድርገውና) ቤቱ ምንም ሳይጎድልበት አራት ወር ከዘጠኝ ቀን ይቆያል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቁጥሩ 0.2 ነበር። ስድስት ቀን! ሁለት ደሞዝተኛ፣ ሁለት ልጅ፣ ስድስት ቀን።

ስለ ገንዘብ ነፃነት የሚወራውን እኔም ብዙ አንብቤያለሁ። አሜሪካኖቹ የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ፣ ያንን ካጠራቀምክ በየዓመቱ 4 ፐርሰንቱን እያወጣህ ትኖራለህ ይላሉ፣ ይሄ ሒሳብ ዊልያም ቤንገን የሚባል የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ካወጣው ጥናት የመጣ ነው፣ የተሰላውም በአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ እሱን መኮረጅ አያስኬድም። እዚህ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 ፐርሰንት ነው፣ የዋጋ ንረቱ ግን በ2014 ከ30 ፐርሰንት በላይ ደርሶ ነበር፣ በ2017 መጨረሻ ላይ ወርዶ ወርዶ እንኳን 13 እና 14 አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እንዲህ ባለ ቦታ "አስር ሚሊዮን ሳጠራቅም ነፃ እወጣለሁ" የሚል ሰው አስር ሚሊዮኑ ጋር ሲደርስ አስር ሚሊዮን ምን እንደሚገዛ አያውቅም። ወር ግን ወር ነው። ወጪው ሲጨምር ቁጥሩ በራሱ ይቀንስና ያስደነግጣችኋል፣ ስለዚህ አይዋሽም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ቶሎ ማውጣት የምትችሉትን ብር ለወር ወጪያችሁ ማካፈል፣ በቃ። ከዛ እያንዳንዱ ወር የራሱ ጥቅም አለው። አንድ ወር ሲሞላ የወር መጨረሻ ብድር ይቀራል፣ ከጓደኛ "እስከ ደሞዝ" የሚባል ነገር ይጠፋል። ሦስት ወር ሲሆን ስራ ቦታ የማይገባ ነገር ሲታዘዙ አይሆንም ማለት ይቻላል (እኔ የሞከርኩት 2.9 ላይ ነው፣ ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል)። ስድስት ወር ለእናቶች ትልቅ ነገር ነው፣ ህጉ ለወሊድ የሚሰጠው ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ልጁ ገና ሳይቀመጥ እናት ወደ ቢሮ ትመለሳለች፣ ቤቱ ውስጥ ስድስት ወር ካለ ግን ያለ ደሞዝም ቢሆን ጥቂት ወር ልጨምር ማለት ትችላለች። አስራ ሁለት ወር ሲሆን የራስን ስራ መሞከር ይቻላል። እኛ እዛ ገና ነን።

መጀመሪያ መጻፍ፣ መቀነስ በኋላ

የመጀመሪያውን ወር ምንም ሳትቀንሱ ጻፉ። ምንም! ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይሳሳታል፣ ደብተር በገዛ ቀን ቁጠባ ይጀምራል፣ ስጋ ያቆማል፣ ሚስቱ ላይ ይነጫነጫል፣ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ የልጆች ስዕል መሳያ ይሆናል። የመጀመሪያው ወር ስራችሁ መሰለል ብቻ ነው።

አፕ አለ፣ ኤክሴል አለ፣ እኔ ራሴ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የምውለው፣ ግን ቤት ውስጥ ኤክሴል ስጠቀም ነገሩ የኔ ብቻ ይሆንና ባለቤቴ ኦዲተር የመጣባት ይመስላት ነበር። ደብተር የቤቱ ነው። ወጥ ቤት በር ላይ በክር ታስሮ ነበር መጀመሪያ የተሰቀለው፣ የምታግዘን ልጅ ሳትቀር የሽንኩርቱን ትጽፍበታለች።

የኛ ጉድ የወጣው በምን መሰላችሁ፣ በታክሲ። ጠዋት ጠዋት አስራ አምስት ደቂቃ አርፍደን ስለምንወጣ ልጆቹን በኮንትራት ነበር የምናደርሰው፣ በወሩ መጨረሻ ስንደምረው 5,200 ብር። ማንም ሰው በሕይወቱ "በወር 5,200 ብር ለማርፈድ እመድባለሁ" ብሎ አይወስንም አይደል። አሁን ዩኒፎርም ማታ ይተኮሳል፣ ምሳ ዕቃ ማታ ይታጠባል፣ ጫማ በሩ ጋር ይደረደራል፣ ሰርቪስ ተራ የምንደርስበት ሰዓት ላይ እንወጣለን። ሁሌ አይሳካም፣ በሳምንት አንዴ አሁንም ኮንትራት እንይዛለን፣ ግን 5,200ው 1,100 ሆኗል። ከስጋ አልቀነስንም፣ ከቡና አልቀነስንም።

ጳጉሜን አትርሱ

ደብተሩን ይዘው ሦስት ወር ከቆዩ በኋላ ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ "ቆጠብን ቆጠብን ከዛ መስከረም መጣና ሁሉንም በላው" ይላሉ። መስከረም ግን ድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም፣ በየዓመቱ ይመጣል። የኛ ሀገር ወጪ በወር እኩል አይከፋፈልም፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ፣ ትንሽ ፋታ ይሰጥና ገና ጥምቀት፣ ከዛ ፋሲካ። ደሞ ጳጉሜ አለች፣ ደሞዝ 12 ጊዜ ነው የሚከፈለን፣ የምንበላው ግን 13 ወር ነው፣ ያቺ አምስት ቀን (በአራት ዓመት አንዴ ስድስት) ደሞዝ የላትም፣ ልጅ ግን ቁርስ ይጠይቃል፣ እሷም የምትውለው ልክ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ኪስ በተራቆተ ሰሞን ነው።

ስለዚህ የዓመቱን በአንድ ገጽ ጻፉት። የኛን ላሳያችሁ፣ ቁጥሩ የኛ ቤት ነው እናንተ የራሳችሁን አድርጉ፦ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ዩኒፎርም 18,000፣ ለሦስቱ ትልልቅ በዓላት 30,000፣ ለሕክምናና ለልብስ 12,000፣ ለጳጉሜ 5,000፣ ለዕድር 2,400፣ ለሰርግ ለልቅሶ ለክርስትና 10,600። ድምር 78,000፣ ለ12 ሲካፈል 6,500። በየወሩ ደሞዝ በገባ ቀን 6,500 ወደ ሌላ አካውንት ይሄዳል፣ ካርድ የሌለው አካውንት ነው፣ ማውጣት ከተፈለገ ቅርንጫፍ ሄዶ መሰለፍ ግድ ነው፣ ሰልፉ ራሱ ጠባቂ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በግ ገዝተን ሳንበደር አደርን፣ ባለቤቴ ሦስቴ ደጋግማ "ደህና ነን?" አለችኝ፣ አላመነችም።

የወር ወጪያችሁን ስታሰሉ ይሄንንም 6,500 ደምሩበት። ያለሱ ያሰላ ሰው አራት ወር አለኝ ይላል፣ ያለው ግን ሦስት ነው።

ዕድርና ለቅሶን ከወጪ እንቀንስ የሚል ምክር አንብቤ አውቃለሁ። እኔ አልስማማም። ዕድር በወር 200 ብር የሚከፈልበት ኢንሹራንስ ነው፣ ድንኳኑ ወንበሩ ድስቱ ሰዉ ጭምር። የሚቀነሰው ሌላ ነገር ነው፣ ለይሉኝታ ሲባል ከአቅም በላይ የሚወጣው፣ የሥጋ ዘመድ ሳይሆኑ ሰርግ ላይ 5,000 ማስመዝገብ ምናምን።

ደሞዛችሁን እወቁት

ይሄን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የምነግራችሁ፣ ብዙ ሰው የደሞዝ ወረቀቱን አያነብም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግብር የማይከፈልበት 2,000 ብር ነው (ድሮ 600 ነበር)፣ ከዛ በላይ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይሄድና ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 ፐርሰንት ይቆረጣል። ጡረታ ከናንተ 7 ፐርሰንት፣ ከቀጣሪው 11። ጥቅል ደሞዙ 20,000 የሆነ ሰው ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400፣ እጁ ላይ 13,650 ይገባል። አሁን ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው አለቃውን ለምኖ ለምኖ 1,000 ብር ጭማሪ ቢያገኝ እጁ ላይ የሚደርሰው 580 ብር ነው። ከቤት ወጪ ላይ የቀነሳት 1,000 ግን ሙሉዋን 1,000 ናት። ኮንትራት ታክሲዋን ማስቀረት ከእድገት ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

የግል ድርጅት ውስጥ የምትሰሩ ደግሞ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ፣ የሚቆረጥባችሁ እየገባ መሆኑንም አጣሩ። እኔ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ሠርቼ ስወጣ የሰባት ወሩ እንዳልገባ ያወቅኩት ለሌላ ጉዳይ ወረቀት ስጠይቅ ነው፣ በስንት ምልልስ አስገቡ። የዕድሜ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ መውጫው ደግሞ 60 ዓመት ነው፣ የጠፋች እያንዳንዷ ወር ያኔ ነው የምትታየው።

ሰዓታችሁ ስንት ብር ነው

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ፣ እዚህ ላይ እኔ ራሴ በደንብ ተሸውጃለሁ።

ቁጥሩ 0.2 መሆኑን ያወቅን ሰሞን ደንግጬ ተጨማሪ ስራ ያዝኩ፣ የዘመዴን መኪና ተቀብዬ ከቢሮ ስወጣ ከማታ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ስምንት ሰዓት ያህል ሰው ማመላለስ። ብር በየቀኑ እጄ ላይ ስለሚገባ ደስ ይላል፣ ኪስ ይሞላል፣ ሰው ጎበዝ ይላል። ስድስት ወር ሠራሁ። በነዚህ ስድስት ወራት ትንሹ ልጄ አዲስ ጨዋታ ጀመረ፣ ሶፋ ላይ ከኋላዬ ይቀመጥና "ሹፌር፣ አያዬ ቤት" ይለኛል፣ ስንደርስ ደግሞ "ሒሳብ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። አንድ አርብ ደብተሩን ገልጣ "እስቲ የመኪናውን ጻፈው" አለችኝ።

ጻፍነው። በወር የሚገባ 22,000። ነዳጅ 9,000፣ ኮሚሽን ዘይት ጎማ እጥበት 3,500፣ ለመኪናው ባለቤት 5,000። የሚቀር 4,500። ሰዓቱን ቆጠርን፣ 22 ማታ በአራት ሰዓት 88፣ አራት ቅዳሜ በስምንት ሰዓት 32፣ ድምሩ 120 ሰዓት። 4,500 ለ120 ሲካፈል 37 ብር ከ50። አንድ ሰዓቴን ከልጆቼ ወስጄ የሸጥኩት ማኪያቶ በማይገዛ ብር ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ! ለድርጅቱ ሳንቲም ሳላዛንፍ የማሰላ ሰው ለራሴ አንዴም አላሰላሁትም።

ስለዚህ ማንኛውንም ተጨማሪ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፣ ሁሉም ወጪ ወጥቶ የሚቀረውን፣ መንገዱና መጠበቁ ሁሉ ተደምሮ የሚወስደውን ሰዓት፣ ከዛ ደግሞ ያ ሰዓት የማን እንደነበረ። ሦስተኛውን ሰው ይዘለዋል። ከልጅ የመኝታ ሰዓት የተወሰደ አንድ ሰዓትና ቲክቶክ ላይ ከሚጠፋ ጊዜ የተወሰደ አንድ ሰዓት ዋጋቸው አንድ አይደለም፣ ሁለተኛው በ37 ብርም ቢሸጥ አትራፊ ነው።

መኪናውን መለስኩ። ከዛ ለሁለት ወር ያህል ምንም አላስገባሁም፣ ሰፈር ውስጥ ያለ የህንፃ መሳሪያ ሱቅና አንድ ፋርማሲ ግን ሒሳባቸውን የሚይዝ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ በወር 3,000፣ 3,000። ሁለቱ ተደምረው በወር 20 ሰዓት ይወስዱብኛል፣ ሰዓቱ 300 ብር መጣ። ያንን ስራ ለመያዝ ግን የአነስተኛ ነጋዴ ግብር አሞላልን በደንብ ማወቅ ነበረብኝ፣ እኔ ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድ ጠባብ ስራ ብቻ ነበር የምሠራው፣ ሌላው ሁሉ ረስቼዋለሁ። ሦስት ወር አነበብኩ። ለኔ ራስን ማሳደግ የሚባለው እዚህ ጋር ነው ከገንዘቡ ጋር የተገናኘው፣ የሰዓትን ዋጋ ከ37 ወደ 300 የሚወስድ ትምህርት ከየትኛውም አክሲዮን ይበልጣል።

ለመማር ጊዜው ከየት ይመጣል

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ አዳር አላት፣ ስለዚህ የኛ ቤት ፕሮግራም በየሳምንቱ ይቀያየራል። ያደረግነው ነገር ቢኖር ማታን መከፋፈል ነው፣ ማክሰኞ የሷ ሐሙስ የኔ፣ አዳር ከመጣ ቀኑን እንቀያየራለን። በሷ ማታ እኔ እራት፣ የቤት ስራ፣ ማስተኛት ሁሉ የኔ ነው፣ እሷ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ ልጆቹ "እማዬ" ቢሉ መልሱ የኔ ነው። መጀመሪያ አካባቢ በሩን እያንኳኩ አስቸገሩ፣ አሁን ለምደው "ዛሬ የእማዬ ማታ ነው" ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ትልቋን ይዤ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፣ እሷም ታነባለች እኔም አነባለሁ፣ ከቤት ወጣ ማለቱም ሁለታችንንም ያስደስተናል፣ ወጪው ታክሲና ሳምቡሳ ነው።

ነፃ ትምህርት ፈልጉ፣ በ2016 መጨረሻ የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የኮዲንግ ስልጠና ለምሳሌ ክፍያ የለውም፣ ስልክም ካላችሁ መጀመር ይቻላል። ክፍያ ያለበትን ግን በደብተር አሳልፉት። ባለቤቴ ማስተርስ ልትጀምር ስትል ቁጥራችን 1.8 ነበር፣ እኔ ጀምሪ አልኳት (ባል ስለሆንኩ ጥሩ ለመምሰል ይሆናል)፣ እሷ ግን ደረጃዋ በዚያ ማስተርስ ይሻሻል አይሻሻል መስሪያ ቤቷ ሄዳ ጠየቀች፣ ስንት እንደሚጨምር በቁጥር ይዛ መጣች፣ ከዛ "ሦስት ስንገባ" አለች። ሦስት ስንገባ ተመዘገበች። ለወረቀቱ ብቻ በብድር ማስተርስ ገብተው ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁዳቸውን አጥተው ደሞዛቸው ያልተነካ ጓደኞች አሉኝ፣ እነሱን አይታ ነው።

ለቤተሰብ የሚላከው

ይሄ ከባዱ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ታናናሾች አሉ፣ የባለቤቴም ወገን እንደዛው። ነፃነት ማለት ስልክ መዝጋት ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም፣ እኔን ያስተማረችኝ እናቴ እንቁላል ሸጣ ነው። ግን ያልተመደበ እርዳታ ቤት ያፈርሳል፣ በተለይ በድብቅ ሲሆን። እኛ ያደረግነው፣ ለሁለቱም ወገን እኩል ቋሚ ብር ደሞዝ በገባ ቀን ይላካል፣ እናቴ ሳትጠይቅ ስለሚመጣላት ለመጠየቅ አትሳቀቅም፣ እኔም ስልኳ ሲጠራ አልደነግጥም። ከዛ በላይ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ ያኔውኑ እሺም እምቢም አልልም፣ "ከባለቤቴ ጋር አውርቼ አርብ እደውልልሃለሁ" ነው መልሴ። ግማሹ ጥያቄ እስከ አርብ በራሱ ይፈታል፣ እውነቴን ነው። ወንድሜ ለሞተር 80,000 አበድረኝ ሲለኝ እስከ አርብ ቆይቼ 15,000 ሰጠሁት፣ "ይሄ ብድር አይደለም አትመልስልኝ፣ ከዚህ በላይ ግን የለኝም" አልኩት። ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። ብድር ብዬ 80,000 ሰጥቼው ቢሆን ለሁለት ዓመት እንኮራረፍ ነበር።

ሌላ፣ ለሁለታችንም በወር 1,000 ብር የማይጠየቅ አለን። ደብተር ላይ "የኪስ" ብቻ ተብሎ ይጻፋል። እሷ ምን እንደምታደርግበት አላውቅም፣ እኔ ኳስ እያየሁ ነው የምጨርሰው። ያቺ ብር ባትኖር ደብተሩ ከሁለት ወር በላይ አይቆይም ነበር።

ብሩን የት ማስቀመጥ

ዕቁብን በደንብ ከተጠቀሙበት የሚያህለው የለም፣ ግን ዕቁብ ሁለት ዓይነት ነገር ነው። 12 ሰው በወር 5,000 ቢጥል ዕጣው 60,000 ነው፣ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ የደረሰው ግን ያለ ወለድ አበድሯል፣ በመሀል ንረቱ በልቶለታል። ስለዚህ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ብሩ ምን እንደሚሠራ ወስኑ፣ ቀድሞ ከደረሳችሁ ዋጋ የሚጨምር ነገር፣ ዘግይቶ ከደረሳችሁ ወደ ወር ቁጥሩ። ዋስ የማይጠየቅበት ዕቁብ ውስጥ አትግቡ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ቢታወቁም ዋስ ይኑር።

የኛ ዕቁብ ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደረሰንና ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆነን አዝመራ በገባበት ሰሞን ጤፍ ገዛን። ጤፍ አይነቅዝም፣ ክረምት ላይ ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ እኛ የጥሩን እየበላን ነበር፣ ያ ልዩነት ከ7 ፐርሰንት ወለድ ጋር አይወዳደርም። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የዓመት ጤፉን ቢገዛ ደስ ይለኛል።

የወር ቁጥሩ የሚቆጠርበት ብር ባንክ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ንረት ቢበላውም። እሱ ለትርፍ አይደለም፣ ማታ ለመተኛት ነው። የተቀማጭ መድን ፈንድ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ስለሆነ ከዛ በላይ ሲሆን ሁለት ባንክ ላይ መክፈል አይከፋም። ከሦስት ወር በላይ ስታልፉ ነው ሌላውን ማሰብ፣ የመስሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ካላችሁ ግቡ፣ አክሲዮንም እንዲሁ። እኔ በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም መሸጥ ሲጀምር ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ ገዛሁ፣ 9,900 ብር። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም (አክሲዮንና የመሳሰለው የሚገዛበትና የሚሸጥበት) ከጥር 2017 ጀምሮ ስራ ላይ ነው፣ ገና ልጅ ነው። አክሲዮን ደብተሩ ላይ አለ፣ በቀዩ ቁጥር ውስጥ ግን አንቆጥረውም፣ ምክንያቱም ልጅ ሌሊት ቢታመም ጠዋት ሸጬ አላሳክምበትም። የኮንዶ ቁጠባም እንደዛው ነው፣ በ2005 ተመዝግበው ዛሬም የሚቆጥቡ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ቁጠባው ጥሩ ነው ግን ለክፉ ቀን አይደርስም።

የስልክ ብድር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም መውሰዱ፣ ለዛ ነው የሚያስፈራው። እኔ በዛች በ0.2 ዘመን በየወሩ 20 ላይ እወስድና ደሞዝ ሲገባ ይቆረጥብኝ ነበር፣ ስለተቆረጠ በወሩ 18 ላይ እወስዳለሁ፣ ከዛ 15። የወጣሁበት መንገድ ቀስ ብሎ ነው፣ በየወሩ ከምወስደው ላይ 500 ብር እየቀነስኩ።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ሰው ይረሳዋል። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁሉም ነገር የት እንዳለ ይጻፍ፣ የትኛው ባንክ የትኛው ቅርንጫፍ፣ የአክሲዮኑ ሰርተፍኬት፣ የጡረታ ቁጥር፣ የዕቁቡ ጸሐፊ ስልክና ስንት እንደቀረን፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ፣ ለማን ስንት እንዳለን። ጎረቤታችን የዛሬ ሁለት ዓመት ድንገት ሲያርፍ ባለቤቱ የዕቁብ ዋስ መሆኑን ያወቀችው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው፣ ያበደረውን ደግሞ እስከዛሬም አላወቀችም። እኛ የሱ አርባ በወጣ ማግስት ነው ያቺን ገጽ የጻፍናት፣ አሁን በየሦስት ወሩ እናድሳታለን፣ ዋናዎቹ ወረቀቶች በፌስታል ተጠቅልለው ከደብተሩ ስር ናቸው፣ ትልቋ ልጃችንም ቦታውን ታውቃለች።